ስለ ወረቀትና ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ታቦር ዳገት ስትወጣ በስልክህ ውስጥ መቶ መጽሐፍ ይዘሃል፤ ሸክም የሚያቀል መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ከባለቤቱ እንዴት እንደሚወሰድ እናስተውል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በወደቁ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር የብራና መጻሕፍታቸውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አማዞን የተባለው ድርጅት፣ አቅራቢው የማሳተም መብት የለውም ሲል፣ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዢዎቹ የንባብ መሣሪያ ውስጥ ሰረዘው፤ ገንዘቡን ቢመልስም መጽሐፉ ጠፋ። ለብራናው ጦር አስፈለገ፤ ለዚህኛው አንዲት ትእዛዝ በቃች።

ስለዚህ በስልክህ አንብብ፤ የወደድኸውን ግን በወረቀት ገዝተህ በሣጥንህ አኑር፤ ለልጅህ የምታወርሰው እሱን ነውና።