ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ እና “የቤተ ዘመድ ስም”

“ዋሽንግተን” እና “ሊንከን” የሰው መጠሪያ ከመሆናቸው በፊት በእንግሊዝ አገር የቦታ ስሞች ነበሩ። በመንዝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሞላሌ የምትገኝበት ማማ ምድር፣ እንዲሁም ጎረቤቶቹ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፣ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ስማቸውን ያገኙት አገሩን ካቀኑት ከሦስቱ ሰዎች፣ ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ነው። ስሙ የመሬት ሆኖ ቀረ እንጂ የልጅ ልጅ መጠሪያ ሆኖ አልወረደም። የሞላሌ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ልጁ ደግሞ በራሱና በእሱ።

ይህን ማንሣቴ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን የስም ምዕራፍ ለመተቸት ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በመንግሥት ወረቀት ላይም እሱ እንዲቀድም ያዛል። ያልነበረንን ነገር እንዳለን አድርጎ ነው የሚነግረን። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ፤ ዓለምም “ቢቂላ” እያለ አጨበጨበ። ሮጦ ያሸነፈው ልጅ፣ የተጠራው አባት።

በእንግሊዝ የቤተሰብ ስም የተስፋፋው በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ በነበሩት ጥቂት መቶ ዓመታት ነው። መጀመሪያ ባለ መሬቱ መኳንንት፣ ቀጥሎ ተራው ሰው ያዘው። “ስሚዝ” ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ “ጆንሰን” የዮሐንስ ልጅ። ኋላ ግን አባቱ ቶማስ የሆነውም ጆንሰን ተብሎ ቀረ። የባላባቱ ርስት ከአባት ለበኩር ልጅ በሚተላለፍበት አገር አንድ ስም ከአንድ ርስት ጋር ቢጓዝ አያስገርምም።

የመንዝ ርስት እንዲህ አልነበረም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ወንዱም ሴቷም በአባትም በእናትም በኩል ቆጥረው ከአቅኚው አባት ርስት ድርሻ ይጠይቁ ነበር። የእናቱን ወገን የማያውቅ ሰው ድርሻው ሊያመልጠው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ የማይለወጥ ስም ምን ይረባዋል? የሚያስፈልገው በብዙ አቅጣጫ የሚቆጠር ሐረግ ነው። የሕጉ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው፤ ስም የጎደለን መስሎት ስም ሰጠን እንጂ፣ ሳናስፈልገው የኖርንበትን ምክንያት አልጠየቀም። ድንጋጌውም ወረቀት ላይ ቀረ።

ይሁንና ሕጉ ያልቻለውን የውጭ አገር ፎርም ችሎታል። ወደ አሜሪካ የሄደው ሐበሻ በመጨረሻው መስመር ላይ የአባቱን ስም ይሞላል፤ እዚያ የተወለደው ልጁም አባቱን ዘልሎ በአያቱ ስም ያድጋል። ሴቲቱም አግብታ የባሏን አባት ስም ስትይዝ የገዛ አባቷ ከወረቀቱ ይወጣል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ቤቱ የሚያውቀው ፎርሙ ላይ የተጻፈውን አንድ አያት ብቻ ይሆናል።

ፎርሙን መሙላት ግድ ነውና አልቃወምም። ነገር ግን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማዳችን የኖረው በሽማግሌዎች አፍ ነው፤ ቆጣሪ ሽማግሌ በሌለበት አገር አፍ አይበቃም። ስለዚህ አንዱን ስም ለፎርሙ የሰጠ አባት የቀሩትን አያቶችና ቅድመ አያቶች በደብተር ጽፎ ለልጁ ያስረክብ። ከእናቲቱ ወገን ቢጀምር ይሻላል፤ ፎርሙ እሱን ከነጭራሹ አይጠይቅምና።