ዓለት ላይ የሚያውል ጫማ

የዓለት መውጫ ጫማ ጣትን ካላሳመመ አይሠራም የሚል እምነት በዓለት ወጪዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። እምነቱ የመጣው ከአጫጭር መውጫዎች ነው። አራት ሜትር ቋጥኝ ላይ ወይም በከተማ አዳራሽ ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሰው ጫማውን የሚያደርገው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ወርዶ ያወልቀዋል፣ ጣቶቹን ያፍታታል፣ እንደገና ያጠልቀዋል። ለእሱ ጥብቅነት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በካሊፎርኒያው ዮሴሚቴ፣ ወይም ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ ባለው ሬድ ሮክ ካንየን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ለሚጨርስ ሰው ግን ያው ጫማ ቅጣት ነው። በረጅም ግድግዳ ላይ ከመውጣቱ ይልቅ መቆሙ ይበዛል። ጓደኛ እስኪደርስ ገመድ ይዞ መቆም አለ፤ ተራ እስኪደርስ መጠበቅ አለ፤ ከጫፍ ከተደረሰም በኋላ በድንጋይ መሃል ቁልቁል መሄድ አለ። በእነዚህ ሰዓታት ሁሉ ጫማው እግር ላይ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚደረግ ጫማ፣ የቀን ጫማ እንበለው፣ የሚመዘነው ለስድስት ሰዓት ያህል ከተደረገ በኋላ እግር በሚኖረው ስሜት ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ደቂቃ ስሜት ብዙ አይናገርም።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ሰፊ ጫማ ወደ መግዛት ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ሰፊ ጫማ ምቹ ጫማ አይደለም። እግር በውስጡ ሲንሸራተት ጣቶች ሳይታወቃቸው ይጨመደዳሉ፣ ቆዳ እየተፋተገ ይላጣል፣ ትንሽ ጠርዝ ላይ ሲቆም ደግሞ ሶሉ ከእግሩ ሥር ይዞራል። ያንን ለማካካስ ባትና ውስጥ እግር ቀኑን ሙሉ ትርፍ ሥራ ይሠራሉ። ምቹ የሚባለው የዓለት ጫማ እግርን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚይዝ፣ የትም ቦታ ለይቶ የማይወጋ፣ የትም ቦታ ባዶ የማይተው ነው። እኔ ጫማ ሳይ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ልኩን የሚሞክሩት ከሰዓት በኋላ ይሁን። እግር ቀን ሲቆምበትና ሲሄድበት ውሎ ያብጣል፤ ዓለት ላይም እንዲሁ ያብጣል፣ በተለይ በሙቀት። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ጠላት ሊሆን ይችላል። የእግር ጥፍር ተቆርጦ ይሁን። በስስ ካልሲ ለመውጣት የሚያስቡ በዚያው ካልሲ ይሞክሩ፤ ካልሲ ማድረግ ነውር ነው የሚሉትን መስማት አያስፈልግም፤ ለቀን ሙሉ ጉዞ ስስ ካልሲ ላብን ይመጥጣል፣ ፍትጊያንም ይቀንሳል።

አሁን ጣቶቹን ያዳምጡ። ለቀን ጫማ ጣቶች ተዘርግተው ወይም በጣም በጥቂቱ ብቻ ታጥፈው፣ ሁሉም የጫማውን ፊት ነክተው መቀመጥ አለባቸው። የአውራ ጣት አንጓ ሽቅብ ቆዳውን ከገፋ ጫማው አጭር ነው። ሁለተኛው ጣት አውራው ላይ ከወጣ ፎርማው፣ ማለትም ጫማው የተሠራበት ቅርፅ፣ ለእግርዎ አልተሠራም፤ ቁጥር ቢጨምሩም ያ አይስተካከልም። ትንሹ ጣት ዘንድ ያለውን ግፊት ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል፤ ማታ መጀመሪያ የሚያቃጥለው ግን እሱ ነው። በስፋት የተዘረጋ ጫና ጥሩ ምልክት ነው፣ እንደ ጠንካራ እጅ ጭብጥ ይሰማል። በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈ ሕመም መጥፎ ነው። መደንዘዝ ካለ ያውልቁና ይመልሱት፤ መደንዘዝ በጊዜ አይለመድም።

ከዚያ ሻጩን ትንሽ ጠርዝ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ደህና ሱቅ ለዚሁ የሚሆን እንጨት ወይም የግድግዳ መያዣ አያጣም። ጣት በሚያህል ጠርዝ ላይ በአውራ ጣት በኩል ብቻ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁሙ። ተረከዝ ወደ ታች ሲወርድ ከጫማው ጀርባ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ወይም እግሩ ወደ ፊት የሚንሸራተት ከሆነ፣ ጫማው ሰፊ ነው። ጀርባው የተረከዝ ጅማትን የሚቆነጥጥ ከሆነ ደግሞ ያ ሕመም በየሰዓቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከዚህ በኋላ ወንበር ላይ አይቀመጡ። ጫማውን እንዳደረጉ ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ይቁሙ፣ ይራመዱ። ሻጭ የሚሰለች ከሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። የሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፤ ትልቁን እግር ልክ ያድርጉና ትንሹን በማሰሪያ ያጥብቁት።

መርካቶ ጫማ ተራ ደንበኛ «ጠበበኝ» ሲል ሻጩ «ሲለበስ ይሰፋል» ይለዋል። የዓለት ጫማ ሻጮችም በየአገሩ ይህንኑ ይላሉ። እውነትነቱ የሚወሰነው በቆዳውና በገበሩ ነው። ገበር የሌለው የተፈጥሮ ቆዳ በእርግጥ ይለጠጣል፤ እስከ አንድ ሙሉ ቁጥር ሊደርስ ይችላል። ገበር ያለው ቆዳ ከዚያ በግማሽ ያህል ይሰጣል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን ከገዙት ቀን ብዙም አይለወጥም፤ ሱቅ ውስጥ የጠበበ፣ ዓመት ቆይቶም ያው ነው። ስለዚህ ተራ ጫማቸው 42 የሆነ ሰው ገበር አልባ ቆዳ ሲገዛ 41 ወይም 41 ተኩል ቢሞክር ያስኬዳል፤ ሰው ሠራሹን ግን ለቀን ጉዞ ከ42 ባያወርደው እመክራለሁ። መለጠጡም በአብዛኛው ወደ ጎን ነው። ፊቱ በጎማ ስለታሠረ ርዝመቱ ብዙ አይጨምርም። «ይሰፋል» የሚለው ቃል የጎን ጥበትን ይፈታል፤ የታጠፈን ጣት አያቃናም።

ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከጎን ይመልከቱት። ሶሉ ከጫፍ እስከ ተረከዝ ጠረጴዛውን ነክቶ ከተኛ ፎርማው ዝርግ ነው፤ የቀን ጫማ እንዲህ ነው። አፍንጫው ቁልቁል እንደ ጭልፊት መንቁር የታጠፈው ጣሪያ ለሚመስል፣ ወደ ውጭ ላጋደለ ዓለት የተሠራ ነው። ቀጥሎ ከሥሩ ይዩት። ፊቱ ወደ አውራ ጣት በኃይል የጠመመ ከሆነ ቀሪዎቹን አራት ጣቶች እየገፋ ጉልበታቸውን አንድ ቦታ ይሰበስባል፤ ለረጅም ቀን ጥቂት ጠመም ያለው ይበቃል። በመጨረሻ ተረከዙን የታጠቀውን ጎማ በጣት ይሳቡት። ይህ ጎማ እግርን ወደ ፊት የሚገፋ ተስቦ የተለጠፈ ማሰሪያ ነው፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ የልኩን ትክክለኛነት ሁሉ ያበላሸዋል።

ስፋት ለእኛ አገር ሰዎች የተለየ ጉዳይ ነው። በልጅነቱ በባዶ እግር ወይም በክፍት ጫማ ያደገ ሰው የእግሩ ፊት ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ነው፤ ጣቶቹም ተበታትነው ነው የሚያርፉት። የአውሮፓ ፎርማዎች ደግሞ ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው። እንዲህ ያለ እግር በጠባብ ፎርማ ውስጥ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ስፋቱን ያገኛል፣ ተረከዙ ግን ባዶ ይቀራል። መፍትሔው ሌላ ፎርማ መፈለግ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች በሰፊና በጠባብ ይወጣሉ፤ «የሴት» ተብሎ የሚሸጠውም በአብዛኛው ያው ሞዴል በቀጠነ ፎርማ የተሠራ ነው፤ ቀጭን እግር ያለው ወንድ ቢገዛው፣ ሰፊ እግር ያላት ሴትም «የወንዱን» ብትወስድ ምንም የሚያግድ ነገር የለም።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት ነገር ልምጣ። ለስላሳ ጫማ በእጅ ሲይዙት ምቹ ይመስላል፣ ሱቅ ውስጥም ያስደስታል። ለቀን ሙሉ ግን ጠንከር ያለው ይበልጣል፣ ቢያንስ ግራናይት ላይ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትንሽ ጠርዝ ላይ ሲቆሙ የሰውነት ክብደት በጫማው ፊት ላይ ያርፋል። ከሶሉ በላይ ጠንካራ የመሃል ሽፋን ካለ ክብደቱን እሱ ይሸከማል፤ ከሌለ የውስጥ እግር ጡንቻና ባት ይሸከማሉ። በመጀመሪያው መቶ ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም። ከቀትር በኋላ ባት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይታወቃል። ጫማውን በሁለት እጅ ይዘው ያጥፉት። ጣቶች በሚተጣጠፉበት ቦታ ጥቂት እየሰጠ ከመሃሉ የሚቃወም መሆን አለበት። እንደ ካልሲ የሚጠቀለለውን ይተዉት። ክብደታቸው ቀላል፣ እግራቸው ትንሽ የሆኑ ሰዎች ጠንካራውን ጫማ ማጠፍ ስለማይችሉ መካከለኛውን ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

የዚህ ዓይነት ጫማ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው የጣሊያኑ ጫማ ሠሪ ኩባንያ ላ ስፖርቲቫ ከዓለት ወጪው ቶሚ ካልድዌል ጋር የሠራው ቲሲ ፕሮ ነው። ዝርግ ፎርማ አለው፣ ከጫፍ እስከ ተረከዝ የሚሄድ የመሃል ሽፋን አለው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቆዳ አለው። የቁርጭምጭሚቱ ቆዳ ለጌጥ አይደለም። በዮሴሚቴ እግርን በግራናይት ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶ በማዞር ነው የሚወጣው፤ ድንጋዩ የቁርጭምጭሚትን አጥንት ይልጣል። ካልድዌል ከኬቪን ጆርጅሰን ጋር በዚያው በዮሴሚቴ ባለው የኤል ካፒታን ዓለት ላይ ዶውን ዎል የተባለውን መውጫ በ19 ቀን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ነው። ሌላው ዓለት ወጪ አሌክስ ሆኖልድም እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2017 ወደ 900 ሜትር የሚጠጋውን ኤል ካፒታንን ያለ ገመድ ሲወጣ ያደረገው ቲሲ ፕሮ ነበር። ያን ቀን በጫማው ላይ ሕይወቱን አኑሯል፤ የመረጠውም ዝርጉንና ጠንካራውን ነው። ከቲሲ ፕሮ በተቃራኒ ያለው የዚያው ፋብሪካ ሚቶስ ነው። ገበር አልባ፣ ለስላሳ፣ ማሰሪያው ተረከዙን ዞሮ የሚመጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። በእግር ላይ ከተለጠጠ በኋላ የባለቤቱን እግር ቅርፅ ይይዛል። ጠርዝ ላይ ደካማ ነው፤ በዝርግ ዓለት ላይ የሶሉን ጎማ ድንጋዩ ላይ በመጫን ለሚወጣ ሰው ግን ከእሱ የሚመች አላየሁም።

ድንጋዩ ጫማውን ይመርጣል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳዊው ፒየር አላን በፓሪስ አቅራቢያ ባለው ፎንቴንብሎ ለአሸዋ ድንጋይ ብሎ የሠራው ጥርስ አልባ የጎማ ሶል የዛሬዎቹ ሁሉ አባት ነው። እኛም የአሸዋ ድንጋይ አለን። በትግራይ ገርዓልታ ያሉትን ማማ መሰል ዓለቶች የውጭ ዓለት ወጪዎች መጥተው ወጥተዋቸዋል፤ አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት እ.ኤ.አ. በ2008 የራሷን ጉዞ በመጽሐፍ አሳትማለች። እዚያው ወዳለው አቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ምእመን ደግሞ ጫማውን ከታች ያወልቃል፤ ቀጥ ባለው ዓለት ላይ የሚይዘው በተዘረጉ የእግር ጣቶቹ ነው። ጫማ ሰሪ ያንን እግር ቢያይ ጣት መታጠፍ እንደሌለበት ይገባው ነበር።

የእጅ ሥራውን ለመመርመር ብርሃን ወዳለበት ይውሰዱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው ፊታቸው እኩል መጥመሙን፣ ተረከዛቸው እኩል ቁመት መያዙን ይዩ፤ በእጅ ተስቦ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ጥንዶች ይለያያሉ። ሶሉና ዙሪያውን የታጠቀው ጎማ የሚገናኙበትን መስመር በጥፍር ይከተሉ። ማስቲሹ የተዘለለበት ቦታ ካለ ከዚያ ነው መላቀቅ የሚጀምረው። ጣትዎን ወደ ውስጥ ከትተው ስፌት ይፈልጉ፤ በጣት አንጓ ላይ ወይም በትንሹ ጣት ጎን የሚያልፍ ስፌት ካለ ይመልሱት። ምላሱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የተያዘ፣ አየር የሚያስገባና ማሰሪያው እንዳይቆርጥ ወፈር ያለ መሆን አለበት። የሶሉ ጎማ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ለቀን ጫማ ጥሩ ነው፤ ስሱ ድንጋይን የበለጠ ያሳውቃል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ጠርዝ ላይም ይታጠፋል። ከጎማዎች መካከል ጠጠር ያለው፣ ለምሳሌ የቪብራም ኤክስኤስ ኤጅ፣ ለጠርዝ የተሠራ ነው።

ስለ አዘጋጉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለቀን ጫማ ክር ማሰሪያ ይሻላል፤ እስከ ጣቶች አጠገብ የሚወርድ ከሆነ ጠዋት አጥብቆ ከሰዓት በኋላ ማላላት ይቻላል። ቬልክሮ ለማውለቅ ይቀላል፣ ስንጥቅ ውስጥ ግን ይከፈታል።

የመጨረሻው ጥያቄ ሶሉ ሲያልቅ የሚቀይርለት አለ ወይ የሚለው ነው። ቆዳው በእግርዎ ላይ የለመደ ጫማ ሶሉ ተቀይሮለት ከአዲስ ጥንድ ይበልጣል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። የሚላክበት ጊዜ የአውራ ጣቱ ጠርዝ ሲድበለበል፣ ዙሪያ ጎማው ሳይነካ ነው። ዙሪያ ጎማው ከተበሳ በኋላ የሚደረገው ጥገና የፊቱን ቅርፅ ስለሚለውጥ ጣቶቹ የለመዱትን ቦታ አያገኙትም።