የፈረስ ልብ ትርታ

ከወረታ ወጥቶ ወደ ጣና ሐይቅ ፊቱን ላቀና መንገደኛ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ በበጋ ወራት ለግልቢያ የተነጠፈ ምንጣፍ መስሎ ይታየዋል፤ የዚያን ሜዳ ስፋት በእውነት የሚመዝነው ግን ከኮርቻው በታች የሚመታው የፈረሱ ልብ ነው።

ስለዚህ ከጥበባት መካከል ትሕትናን የተሞላችውን አንዲቱን ላመሰግን እወዳለሁ፤ እርስዋም ከእርካብ ወርዶ፣ ጣትን ከመንጋጋው አጥንት ሥር በሚያልፈው የደም ሥር ላይ አሳርፎ፣ ትርታውን በጽሞና መቍጠር ናት። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በብርቱ ግልቢያ ከ200 ያልፋል፤ ብርታቱ ግን የሚመረመረው፣ ከቆመ በኋላ ትርታው ፈጥኖ ወደ ዕረፍቱ በመመለሱ ነው። እስከ 160 ኪሎ ሜትር በሚዘልቀው ዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድርም፣ ትርታው በተወሰነለት ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ያልወረደለት ፈረስ፣ ከሁሉ ቀድሞ ቢገባ እንኳ ይሰናበታል።

ዓፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዓፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ብላ ነገሥታቷን በፈረሳቸው ስም ለጠራች አገር ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆን አይገባም። አንደበት ያልተሰጠው ፍጥረት ድካሙን የሚናዘዘው በትርታው ነውና፣ ክብሩን ከፈረሱ የተዋሰ ጌታ ያን ኑዛዜ ለአንዲት ደቂቃ ጣቱን አሳርፎ ቢሰማ፣ ከዕዳው ጥቂቱን ከፈለ እንጂ ውለታ አልዋለም።