ሁለተኛው ባትሪ በደንብ መገጠሙ በምን ይታወቃል?

ቱሪስት ይዞ ወደ ዳናክል የሚወርድ ላንድክሩዘር ፍሪጅ ይጫንበታል። ፍሪጁ ሌሊቱን በዋናው ባትሪ ከሠራ ጠዋት ሞተሪኖው ለመዞር አቅም ያጣል፤ ሁለተኛ ባትሪ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ብዙ ባለመኪና ሥራውን የሚመዝነው በባትሪው ስም ነው። እኔ ግን ኮፈኖው ሲከፈት በመጀመሪያ የማየው ገመዱን ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ዲናሞው 14.2 ቮልት ይሰጣል እንበል። ሁለተኛው ባትሪ ከኋላ ከተቀመጠ ገመዱ 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር ይመለሳል። በ6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ 30 አምፔር ሲያልፍ ወደ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለባትሪው የሚደርሰው 13.3 ብቻ ነው። ገመዱ 16 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን የሚጠፋው 0.3 ገደማ ነበር። በቀጭን ገመድ የተገጠመ ባትሪ በዝግታ ስለሚሞላ የቀን ጉዞ አይበቃውም። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሳይሞላ ከከረመ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክርና ያለ ዕድሜው ይሞታል።

ቀጥሎ ፊውዝ። ይህ ገመድ በሁለቱም ጫፉ ባትሪ አለው፤ መሐል ላይ ተልጦ ቦዲ ቢነካ ከሁለቱም ወገን እሳት ይመገባል። ስለዚህ ፊውዙ ሁለት መሆን አለበት፤ እያንዳንዱም ከባትሪው በስንዝር ርቀት። አንድ ፊውዝ ብቻ ካየሁ ሌላው ሁሉ ቢያምር ሥራውን አልቀበልም።

የባለሙያው እጅ የሚታየው ጥቃቅኑ ላይ ነው። የገመዱ ጫፍ ማሰሪያ (ካፖኮርዳው) በመዶሻ ሳይሆን በመጭመቂያ መሣሪያ የተያዘ፣ ገመዱ ብረት አልፎ በሚገባበት ቀዳዳ ጎማ የተደረገለት፣ ኔጌቲቩ የታሰረበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት የወጣ፣ ባትሪው በኮረኮንች መንገድ እንዳይንቀሳቀስ የታሰረ ይሁን። አሲድ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አየር መውጫ በሌለበት ሰው በሚቀመጥበት ክፍል መግባት የለበትም።

ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘውና የሚለያየው ዕቃ ከመኪናው ጋር መስማማት አለበት። ለአሮጌ ላንድክሩዘር ቮልቴጅ እያየ የሚከፍትና የሚዘጋ ሪሌ ይበቃል። ዲናሞው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አዲስ መኪና ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቴጁን ስለሚያወርድ፣ ቮልቴጁን መልሶ ከፍ የሚያደርግ ቻርጀር ያስፈልገዋል። ሊቲየም ባትሪም ዲናሞውን ከአቅሙ በላይ እንዳይስብ በዚሁ ቻርጀር ቢያልፍ ይሻላል።

የመጨረሻው ፈተና በቴስተር ነው፤ ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። ባትሪው ሞልቶ ሳለ የሚያልፈው አምፔር ትንሽ ስለሆነ ቀጭኑም ገመድ ጥሩ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ፍሪጁ ሲሠራ ይደር፤ ጠዋት ሞተሩ ተነሥቶ መጀመሪያ የፊተኛው፣ ከዚያ የኋለኛው ባትሪ ምሰሶዎች ይለኩ። በሪሌ ከተገናኙ ልዩነቱ ከ0.4 ቮልት አይብለጥ፤ በቻርጀር ከሆነ ኋላ 14.4 ገደማ ይነበብ። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሪጁ እየሠራ የፊተኛው ባትሪ ቮልቴጅ አብሮ መውረድ የለበትም። ይህን ልኬት ፊት ለፊትዎ ለማሳየት ፈቃደኛ ለሆነ ኤሌክትሪሻን ገንዘብዎን ሳይሰስቱ ይክፈሉ።