የተዋናይ መልክና የታሪክ እውነት

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደ ተባለው፥ አንዳንድ ክርክር መልስ የሚያጣው ጥያቄው ከመነሻው ተጣሞ ስለሚቀርብ ነው። በእንግሊዝ አገር ከጥንት ልብ ወለድ መጻሕፍት በሚወጡት ፊልሞች ላይ የተነሣው ክርክርም ከዚሁ የሚቈጠር ይመስለናል። አንደኛው ወገን፥ በነጮች አገርና በነጮች ዘመን የተጻፈውን ታሪክ ጥቁር ወይም ሕንዳዊ ተዋናይ ሲጫወተው የታሪክ እውነት ይፈርሳል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ተዋናይ የሚመዘነው በችሎታው እንጂ በመልኩ አይደለም ሲል ይመልሳል። እኛ ሁለቱም ከእውነት ከፊሉን ይዘዋል፥ ሙሉውን ግን አልያዙም እንላለን፤ ምክንያታችንንም ቀጥለን እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «የነጮች ዘመን» የሚለው አነጋገር ራሱ ከታሪክ ጋር አይስማማም። ስለ አንድ የኢትዮጵያ መስፍን የሚተርከውን «ራስላስ» የተባለውን መጽሐፍ ብዙዎቻችን በሲራክ ኅሩይ የአማርኛ ትርጉም እናውቀዋለን። ይህን መጽሐፍ በ1759 ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ለንደን ከነበረው ቤቱ ፍራንሲስ ባርበር የሚባል፥ በጃማይካ በባርነት የተወለደ ጥቁር ሰው አብሮት ይኖር ነበር፤ በ1784 ሲሞትም ዋና ወራሹ ያደረገው ይህንኑ ሰው ነው። በ1772 ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ጄምስ ሶመርሴት የተባለው ባሪያ ከእንግሊዝ አገር በግድ እንዳይወሰድ የፈረዱት በዚያው በለንደን ነው። ኦላውዳ ኤክዊያኖም የባርነቱንና የነፃነቱን ታሪክ በ1789 በዚያች ከተማ አሳትሟል። እንግዲህ የዚያን ዘመን ለንደን ያለ አንድ ጥቁር ሰው የሚያሳይ ፊልም፥ ልብሱና ሠረገላው ምንም ቢሟላ፥ የተከተለው ልማድን ነው እንጂ ታሪክን አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የኤሚሊ ብሮንቴን «ዉዘሪንግ ሃይትስ» እንመልከት። መጽሐፉ የታተመው በ1847 ሲሆን፥ ሚስተር ኧርንሾ ከሊቨርፑል ጎዳና አንሥቶ ወደ ቤቱ ያመጣው ሂዝክሊፍ የተባለ ልጅ ታሪክ ነው። ደራሲዋ የልጁን ዘር ለይታ አትነግረንም፤ ነገር ግን ፊቱ የጠቈረ መሆኑን ደጋግማ ታሳስበናለች፤ ከሰዎቹ አንዱ ጂፕሲ፥ ሌላው ከሕንድ የመጣ የመርከብ ሠራተኛ ልጅ ያስመስሉታል። በመጽሐፉ አቈጣጠር ልጁ የተገኘው በ1771 ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሊቨርፑል የእንግሊዝ የባሪያ ንግድ ዋና ወደብ ነበረች። የሚናቀው፥ እንደ አሽከር የሚታየው፥ በመጨረሻም ልቡ በበቀል የሚነደው ማንነቱ የማይታወቅ ባዕድ ስለ ሆነ ነው። መልኩ ከተለወጠ የታሪኩ ምሰሶ ይነቃነቃል።

ሆኖም በ1939 በዊልያም ዋይለር ፊልም ሎረንስ ኦሊቪየር፥ በ1970 ቲሞቲ ዳልተን፥ በ1992 ሬይፍ ፋይንስ ሂዝክሊፍን ሲጫወቱ፥ ዛሬ ለታሪክ እውነት ጠበቃ ነን የሚሉት ወገኖች ያሰሙት ጩኸት ይህ ነው የሚባል አይደለም። አንድሪያ አርኖልድ በ2011 ባወጣችው ፊልም ግን ጄምስ ሃውሰን የተባለ ጥቁር ተዋናይ ሲመረጥ፥ ነገሩ እንደ አዲስ ፈጠራ ታየ። ያው ኦሊቪየር በ1965 ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ኦቴሎን በፊልም ተጫውቷል። አይራ አልድሪጅ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ግን በ1833 ይህንኑ ኦቴሎን በለንደን በኮቬንት ጋርደን ቴአትር ሲጫወት፥ አንዳንድ ጋዜጦች በቀለሙ የተነሣ ዘልፈውታል። ጥቁሩን ሰው ጥቁር ሲጫወተው ነውር፥ ነጭ ተቀብቶ ሲጫወተው ጥበብ ከተባለ፥ ሚዛኑ የታሪክ እውነት አልነበረም ማለት ነው።

የቻርልስ ዲክንስ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በ1849ና በ1850 በየወሩ እየተከፋፈለ የታተመውን ይህን መጽሐፍ አርማንዶ ያኑቺ በ2019 በፊልም ሲያቀርበው፥ ዴቪድን የተጫወተው ዘሩ ከሕንድ የሆነው ዴቭ ፓቴል ነው። የዴቪድ ታሪክ የቆመው በአባት ማጣት፥ በልጅነት የጉልበት ሥራ፥ በድኽነትና ራስን በብዕር በማስተዳደር ላይ ነው፤ የቈዳው ቀለም በታሪኩ ውስጥ የሚፈታውም የሚቋጥረውም ነገር የለም። ስለዚህ ከዚህ ፊልም ልንጠይቅ የሚገባን እውነት የልጆቹ ድካምና የባለዕዳዎች እስር ቤት እንደ ነበሩ መታየታቸውን ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲመልሰውና የእኛ ተዋንያን የዴንማርክን ቤተ መንግሥት ሲጫወቱት፥ መልካቸው የዴንማርክ ሰው መልክ አይደለም ብሎ የሚከሳቸው ቢነሣ እንደ ምን ባለ ነበር? ለራሳችን የፈቀድነውን ለሌላው ልንከለክል አይገባንም።

ነገር ግን ሁለተኛውንም ወገን ያለ ተግሣጽ አናልፈውም። በዚሁ ፊልም የወይዘሮ ስቲርፎርዝን፥ ያችን ኩሩና ባለጸጋ እመቤት የምትጫወተው ኒኪ አሙካበርድ ጥቁር ናት፤ ጨዋታዋም እጅግ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ሕግ በቅኝ አገሮቹ ባርነትን የሻረው ገና በ1833 ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ፊልሙን አይቶ፥ በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕርግ ይኖሩ ነበር ብሎ ቢወጣ፥ ለጥቁሩ ሰው የተደረገለት መስሎ መከራው ተሰርዞበታል። የደረሰውን ግፍ የሚያስረሳ ቸርነት ቸርነት አይደለም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ዳይሬክተሩ ባይችል መምህሩ ይችላል፤ ስለዚህ ፊልሙን ለተማሪዎች የሚያሳይ መምህር አስቀድሞ ዘመኑን ቢያስረዳ መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ሚዛን አንድ ነው፤ ይኸውም መልክ የታሪኩ ምሰሶ በሆነበት ስፍራ ተዋናዩ ያንን ምሰሶ መሸከም ይገባዋል፤ ባልሆነበት ስፍራ ችሎታው ይበቃዋል፤ በሁለቱም ስፍራ ግን የዘመኑ ግፍ አይሸፈን።

ይህንንም ሚዛን ስንሠራ ለእንግሊዞች ብቻ አንተወው። ነገ አንድ ነጭ ተዋናይ ቀለም ተቀብቶ ራስላስን ቢጫወት የምንቈጣው እኛ፥ በራሳችን መድረክ ስለ ቀድሞ ዘመን ቴአትር ስናዘጋጅ የመኰንኑን ካባ የምናለብሰው ምን ዓይነት መልክ ላለው ሰው ነው? የባሪያውንስ ጨርቅ? በአገራችን ባርነት በአዋጅ ከተሻረ ከ1942 ወዲህ ሰማንያ ዓመት አልፏል፤ የተሻረው ነገር በተዋናይ ምርጫችን ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይኖር ተጠንቅቆ መመርመር የአዘጋጁም የተመልካቹም ግዴታ ነው።