«ቤትሽ ሄደሽ እረፊ» ስለሚለው ምክር፦ የፕላሴንታ ፕሪቪያ አያያዝ በጌዴኦ ዞን

ከሰባተኛው ወር በኋላ ሕመም የሌለው ደማቅ ቀይ ደም የታያት ነፍሰ ጡር፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የእንግዴ ልጇ የማህፀንን በር እንደሸፈነ ተቆጥራ መያዝ እንዳለባት ሁላችንም ተምረናል። ደሙ ቆሞ እናትና ፅንስ ደኅና ሆነው ሲገኙ ግን ብዙዎቻችን «ቤትሽ ሄደሽ እረፊ፣ ደም ካየሽ ተመለሺ» ብለን እንሸኛለን። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንኑ ምክር ነው።

ፅንሱ እስኪጎለምስ የመጠበቅን ሕክምና በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ የቤልፋስቱ ሐኪም ቻርልስ ማካፊ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ 174 ሕሙማን ጥናት አሳትመዋል። መጠበቁ ግን እናቲቱ ደም መስጠትና ቀዶ ሕክምና በሚቻልበት ሆስፒታል መቆየቷን የሚጠይቅ ነበር። እኛ መጠበቁን ወስደን ቅድመ ሁኔታውን ትተናል።

ዛሬ የደማች እናት ሁሉ ሆስፒታል ትተኛ አይባልም። በዲላ ከተማ የምትኖር፣ ደሟ የቆመ፣ አስታማሚና መጓጓዣ ያላት እናት በቤቷ ልትጠብቅ ትችላለች። ከቡሌ ወይም ከጌዴብ ገጠር የመጣችው ግን በክረምት ጭቃ በቃሬዛ ተይዛ እስክትወርድ ድረስ ሁለተኛው ደም አይጠብቃትም፤ ከመጀመሪያውም ሊብስ ይችላል። በቡና ለቀማ ወቅት «እረፊ» ማለትም ከቃል አያልፍም። መተኛት ብቻውን ደሙን እንደሚከላከል የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የሚያድናት ለደምና ለቀዶ ሕክምና ቅርብ መሆኗ ነው።

እዚህ ላይ የእናቶች ማቆያ መልስ ይመስላል። ሆኖም ማቆያው ቀዶ ሕክምናና ደም በሌለው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ለዚህች እናት መንገዱን ያሳጥርላት እንጂ አደጋውን አያስወግድላትም። የእርሷ ማቆያ በሆስፒታል ደጃፍ መሆን አለበት።

ሌላው ስሕተት ከሪፈር በፊት የሚፈጸም ነው። የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ በብልት በኩል በጣት መመርመር የቆመውን ደም ሊያስነሣ ይችላል። የሚያስፈልገው የደም ሥር መክፈት፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ለሆስፒታሉ መደወልና ደም የሚለግሱ ዘመዶችን አብሮ መላክ ነው። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ፣ የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ይህ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጎልቶ ይጻፍ። በአንጻሩ በ20 ሳምንት ዝቅ ብሎ የታየ የእንግዴ ልጅ ማህፀን ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ስለሚርቅ፣ በ32 ሳምንት ደግመን ሳናይ እናቲቱን ማስደንገጥ አይገባንም።

አልጋ ጠባብ መሆኑን፣ ልጆች ቤት መቅረታቸውን፣ ወጪው ቤተሰቡን እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ስለዚህም ነው ውሳኔው ከባሏና ከቤተሰቧ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ መደረስ ያለበት። የመሸኛ ወረቀት ከመፈረማችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃት፦ «እኩለ ሌሊት ደም ቢፈስሽ ማን፣ በምን፣ በስንት ሰዓት ያደርስሻል?» መልስ ከሌላት የምትሄድበት ቤት ለጊዜው ቤቷ አይደለም።