መጀመሪያ ድርጊቱ፣ ቀጥሎ መልኩ

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ለመለየት ፊታቸውን የሚመረምር ሰው የለም። በአንድ እግር መቆማቸውና ስድስቱ ክንፎች ይበቃሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ከሩቅ ይታወቃል። ሠዓሊው ቢለወጥ፣ ቀለሙ ቢለያይ፣ ፊቱ በአንዱ እጅ ረዘም በሌላው ክብ ቢል መታወቁ አይቀርም፤ የሚያሳውቀው የተጋድሎው ምልክት ነውና። ይህን የማነሣው ቅዱሳንን ከጨዋታ ጋር ለማስተካከል ሳይሆን የሥዕሉን ብልሃት ለመዋስ ነው። የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ የሚቀርጽ ባለሙያ ዘወትር የሚጠየቀው «ምን ዓይነት መልክ ብንሰጠው ሰው አይረሳውም?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ከመካከል የጀመረ ይመስለኛል። ገጸ ባሕርይ የማይረሳው ተጫዋቹ በእሱ በኩል ደጋግሞ የሚፈጽመው አንድ ጥርት ያለ ድርጊት ሲኖረው ነው፤ መልኩም የሚዘልቀው ያንን ድርጊት እስከተናገረ ድረስ ነው።

የቪዲዮ ጌሙን ጀግና ማሪዮን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1981 ሺጌሩ ሚያሞቶ ለኒንቴንዶ «ዶንኪ ኮንግ»ን ሲሠራ ለሰውዬው የነበረው ቦታ ጥቂት ፒክሰል፣ ቀለሙም ሦስት ብቻ ነበር። በዚያ ጥበት አፍ ስሎ ማሳየት አይቻልምና ትልቅ አፍንጫና ሪዝ ተሰጠው። ፀጉር መሣልና ማንቀሳቀስ ስላስቸገረ ኮፍያ ተደፋለት። ክንዱ ሲወዛወዝ ከገላው ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ ባለ ማንገቻ ቱታ ለበሰ። ዛሬ በልጆች ቦርሳ ላይ የምናየው መልክ እንግዲህ የተወለደው እንቅስቃሴው እንዲነበብ ሲባል ነው። የመጀመሪያ ስሙም «ጃምፕማን»፣ ማለትም ዘላዩ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተቀይሯል። ሙያውም ከአናጢነት በ1983 ወደ ቧንቧ ሠራተኛነት ዞሯል፤ የሸሚዙና የቱታው ቀለም እንኳ ቦታ ተለዋውጧል። ያልተነካው ዝላዩ ነው።

ዝላዩም ተራ ዝላይ አይደለም። በ1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» ቁልፉን ነካ አድርጎ የለቀቀ ተጫዋች ትንሽ ይዘላል፤ ጫን ብሎ የያዘ ከፍ ይላል። በአየር ላይ ሳለም አቅጣጫውን በመጠኑ ማረም ይችላል። የመጀመሪያው ስክሪን ይህን ያለ አንዲት ቃል ያስተምራል፦ ማሪዮ በግራ በኩል ቆሟል፣ በስተቀኝ ባዶ መንገድ ነው፣ ጥቂት እንደተራመደ አንድ ቡናማ ጠላት ወደ እሱ ይመጣል። ያልዘለለ ይሞታል፣ የዘለለ ወይ ጠላቱን ይረግጣል ወይ ከላዩ ያለውን ጡብ በጡጫው ይመታል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተጫዋቹና ሰውዬው አንድ ይሆናሉ። ፕሌይስቴሽን ቤት ጆይስቲክ የጨበጠ ልጅ የሚናገረውን ልብ ይሏል፦ «ሰውዬው ሞተ» አይልም፣ «ሞትኩ» ይላል። ፊልምም ልብ ወለድም ይህን አንደኛ መደብ በቀላሉ አያገኙትም፤ የጌም ገጸ ባሕርይ ዝና የሚበቅለው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ጀግና ያልሆኑት አራቱ የ«ፓክማን» መናፍስት ናቸው። ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 ለናምኮ በሠራው በዚህ ጌም ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ አፍ ብቻ ነው፤ ሥራው መብላት ስለሆነ ሌላ አካል አላስፈለገውም። መናፍስቱ ደግሞ ከቀለማቸው በስተቀር አንድ ዓይነት ሥዕል ናቸው። ሆኖም ቀዩ ከኋላ እግር በእግር ይከተላል፣ ሮዛማው ፓክማን ከሚሄድበት ፊት ቀድሞ ለመጠበቅ ይሞክራል፣ ብርቱካናማው ከሩቅ ገስግሶ ሲቀርብ ወደ ጥጉ ይሸሻል። ተጫዋቹ አንዱን ግትር፣ አንዱን መሠሪ፣ አንዱን ፈሪ የሚለው ይህን አይቶ ነው። መልኩ አንድ ሆኖ ጠባዩ ከተለየ ጠባይን የፈጠረው ድርጊት ነው ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ የማስታወቂያ ገንዘብ ውጤት ነው» የሚል ይኖራል። ገንዘብ ስም እንደሚያስተዋውቅ አልክድም፤ የጌም ኩባንያው ሴጋም በ1991 ሶኒክ የተባለውን ሯጭ ጃርት ሲያወጣ በቂ ከበሮ መትቷል። ከእሱ በኋላ በ1993 የመጣው በብሲ የሚባል ድመት ግን ብዙ የተባለለት፣ ለቴሌቪዥን ካርቱን እንኳ የታጨ ነበር። ቀልደኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ መልኩም አያስጠላም። ችግሩ በሩጫው መካከል ጠላት አንዴ ከነካው ይሞታል፣ ከከፍታ ቢወድቅም ይሞታል። መልኩ «ሩጥ» ይላል፣ ጌሙ «ቀስ በል» ይላል። ሶኒክ ግን አንዲት ቀለበት እንኳ ከያዘ ሲመታ ቀለበቱ ይበተናል እንጂ እሱ አይሞትም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ደፍሮ ይሮጣል። ጃርት መሆኑም ተጠቅልሎ ለመንከባለሉ ምክንያት ይሰጣል። ሁለቱም ተለፍፎላቸዋል፤ የቆየው ቃልና ሥራው የገጠመው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ የ«ቱም ሬይደር»ዋን ላራ ክሮፍትን ያስታወቃት ውበቷ፣ የ«ጎድ ኦፍ ዋር»ን ክራቶስን ታሪኩ አይደለም ወይ? የላራ መልክ መጽሔት እንዳሸጠ እውነት ነው። በ1996ቱ «ቱም ሬይደር» ውስጥ ግን ዓለሙ በእኩል ካሬዎች የተሠራ ስለሆነ ተጫዋቹ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ ኋላ ይዘላል፣ ከዚያ ሮጦ ይሻገራል፤ የእሷ ጥንቃቄና ድፍረት ያለው በዚህ ልክ ውስጥ ነው። በ2013 መልኳና ታሪኳ እንደ አዲስ ሲጻፍ መውጣትና መዝለሏ አልቀረም። በ2018ቱ «ጎድ ኦፍ ዋር» የክራቶስ አባትነት ልብ ይነካል፤ ቢሆንም እጅ የሚያስታውሰው የወረወረው መጥረቢያ በአንድ ቁልፍ ተጠርቶ እየበረረ መዳፉ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ክብደት ነው። ታሪክ ፍቅርን ያጠነክራል፤ መሠረቱን የሚጥለው ግን ድርጊቱ ነው። ድርጊት ብቻውንም አይበቃም። ተኩሳቸው የሚያረካ፣ ወታደሮቻቸውን ግን ማንም በስም የማያነሣቸው ጌሞች ብዙ ናቸው፤ ከጠመንጃው ጀርባ ያለው ሰው አይታይምና ድርጊቱ የሚያርፍበት አካል አላገኘም።

ስለዚህ ጌም መሥራት ለጀመሩ ወገኖቼ የምለው ይህን ነው። ለጀግናው ጎፈሬ ማበጠር፣ ጋሻና ጦር ማስያዝ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ለኋላ ይቆይ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ አንድ ግራጫ ሳጥን አስቀምጡ፤ አንድ ድርጊት ስጡትና ሌላ ሰው ጆይስቲኩን ይያዝ። ደግሞ ደጋግሞ ሊያደርገው ከፈለገ ልብሱን ያን ጊዜ ስፉለት። ሳጥን ሆኖ ያልጣመ ገጸ ባሕርይ ካባ ቢደርብም አይጥምም።